ጅብ ቴሌግራም የላከ ዕለት

ልጄ ጉድጓድ ውስጥ በገባችበት ቀን እኔ አንድም ተረት አላውቅም ነበር። ይህን አስቀድሜ የምናገረው የነገሩ ሁሉ መነሻ እሱ ስለሆነ ነው።

ዘመኑ ሃምሳዎቹ ውስጥ ነው። ነፋስ ስልክ ያኔ ዛሬ እንደምታውቁት አልነበረም። ሽቦ አልባውን የቴሌግራፍ ጣቢያ፣ የእኛን የሠራተኞቹን ቤቶች፣ ጥቂት ሱቆችንና ከዚያ ወዲያ ወደ ላፍቶ የሚዘልቀውን የገበሬ ማሳ ነበር ነፋስ ስልክ የምንለው። እኔ የጣቢያው ኦፕሬተር ነበርኩ። ሥራዬ በጆሮዬ የሚንጫጫውን ወደ ፊደል መለወጥ፣ ፊደሉን ደግሞ መልሶ ማንጫጫት ነው። ቴሌግራም አጭር ሲሆን ነው ደግ። «አባት አረፈ ቶሎ ና።» በዚህ ላይ የሚጨመር ነገር የለም። ቤቴም ውስጥ ከዚህ ብዙ አልረዝምም ነበር። ባለቤቴ ተዋበች «አንተ ሰውዬ፣ ከእኔም ጋር በነጥብና በሰረዝ ነው የምታወራው» ትለኝ ነበር። «ልክ ነሽ» እላታለሁ። በዚህ ጨዋታው ያበቃል።

ያደግሁት አጎቴ ቤት ነው። አጎቴ ዳኛ ነበሩ፤ በዕድሜ የገፉ፣ ልጅ ያልወለዱ፣ ራስ ምታት የማይለያቸው። እዚያ ቤት ልጅ መሆን የሚቻለው ድምፅ ሳያሰሙ ነበር። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ አልብሰው፣ አጉርሰው፣ አስተምረው ለወግ አብቅተውኛል። ተረት የነገረኝ ሰው ግን አልነበረም። ሰው ያልቀመሰው ምግብ አያምረውም፤ እኔም የጎደለኝ ነገር እንዳለ አላወቅሁም።

ልጃችን ጥሩወርቅ ያኔ አራት ዓመት አልፏት ነበር። ጥሩዬ እንላታለን። ቀኑን የምትውለው ጎረቤታችን ኦቦ ቶላ ግቢ ነው። ኦቦ ቶላ የአካባቢው ነባር ገበሬ ናቸው፤ ሚስታቸው እማማ ጫልቱ ደግሞ በዙሪያቸው የተሰበሰበውን ሕፃን ሁሉ ተረት እየመገቡ የሚያውሉ ሴት ነበሩ። ጥሩዬ ጠዋት ለጠጠሮች ስም ስታወጣ ትቼያት እሄዳለሁ፤ ማታ ስመለስ ጠጠሮቹ ተጋብተው፣ ወልደው፣ ተጣልተው፣ በሽማግሌ ሲታረቁ እደርሳለሁ።

«ይህች ልጅ ሥራ የላትም?» ብዬ አንድ ቀን ተዋበችን ጠየቅኋት።

«ሥራ ላይ እኮ ናት» አለችኝ።

አልገባኝም።

ነገሩ የሆነው በመስከረም፣ በአንዱ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ነው። ክረምቱ ገና መውጣቱ ስለሆነ መሬቱ ውኃ እንደጠጣ ነው። ተዋበችና እማማ ጫልቱ አራስ ሊጠይቁ መካኒሳ ሄደዋል። እኔ በረንዳ ላይ ጋዜጣ እያነበብኩ ነው። ልጆቹ ከኦቦ ቶላ ግቢ ጀርባ ኩኩሉ ይጫወታሉ። ዓይኑን የጨፈነው «ኩኩሉ» ብሎ ይጠይቃል፤ ተደባቂዎቹ ቦታ እስኪይዙ «አልነጋም» ይላሉ፤ ሲበቃቸው «ነጋ» ይሉና ፍለጋው ይጀመራል። ዓይኗን የጨፈነችው የኦቦ ቶላ የልጅ ልጅ፣ ብርቄ ነበረች።

«ኩኩሉ!» ትላለች ብርቄ።

«አልነጋም!» ትላለች አንዲት ቀጭን ድምፅ።

«ኩኩሉ!»

«አልነጋም!»

ይህ በጣም ረጅም ጊዜ ቀጠለ። ይህች ሌሊት ምነው ረዘመች ብዬ ጋዜጣዬን ገለጥሁ። ብርቄ ሕግ አክባሪ ልጅ ስለሆነች «ነጋ» ሳይባል ዓይኗን አልገለጠችም። በመጨረሻ ግን ትዕግሥቷ አለቀና ወደ እኔ መጣች።

«ጋሼ፣ ጥሩዬ አልነጋም ብቻ ትላለች።»

«ታዲያ እስኪነጋ ጠብቂያ።»

«ከመሬት ውስጥ ነው የምትለው ግን።»

ጋዜጣው የት እንደወደቀ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ከግቢው ጀርባ ባለው ዳገት ላይ አንድ አሮጌ የእህል ጉድጓድ ነበረ። የኦቦ ቶላ አባት ያስቆፈሩት ነው ይባላል። እንደ እንስራ አፉ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ ነው። ውኃ ስለገባበት ከተተወ ቆይቷል፤ አፉ በእንጨት ተረብርቦ አፈር ለብሶ፣ ሣር በቅሎበት፣ ጉድጓድ መሆኑንም ሰው ረስቶታል። እንጨቱ በስብሷል። ጥሩዬ መደበቂያ ስትፈልግ የረገጠችው እሱን ነው።

ቀረብ ብዬ ሳጎነብስ ከእግሬ ሥር አፈር ተንዶ ወደ ውስጥ ወረደ። ከታች ጩኸት ተሰማ። ኦቦ ቶላ ከየት እንደመጡ አላውቅም፤ በኮሌታዬ ይዘው ወደ ኋላ ጎተቱኝ።

«አቶ ይርጋ፣ ይራቁ! አፉ ሊናድ ነው።»

ጎረቤቱ ተሰበሰበ። ገመድ ተላከላት። አንድ እጇ ተጎድቶ ኖሮ መያዝ አልቻለችም፤ በወገቧ እንዳታስር ደግሞ ልጅ ናት። አዋቂ ሰው በዚያ አፍ አያልፍም። አንዱ፣ ከፍ ያለ ልጅ በገመድ ይውረድ ቢል ኦቦ ቶላ «አንዷ አንሳን ሁለት እንቅበር?» ብለው ቆጡት። ከዚያ ዳገቱን ወረድ ብለው ተመለከቱና መፍትሔውን ተናገሩ፤ ከታች በኩል፣ ከጎን፣ ቀስ ተብሎ ይቆፈራል። ልጅቱ ከዳገቱ ወገን ካለው ግድግዳ ተጠግታ መቀመጥ አለባት። መሃል ላይ ከቆመች የላዩ አፈር ይወርድባታል፤ ልውጣ ብላ ከቧጠጠች ደግሞ ራሷ ትንደዋለች።

«ያስቀምጧት» አሉኝና ልጃቸውን ደበሌን ጠርተው ዶማ አነሡ። ደበሌ ትከሻው የበሬ የሚያህል ጎልማሳ ነው።

የቤቴን በር ነቅለው አመጡልኝ። ሸክሜ እንዲበተን በጉድጓዱ አፍ አጠገብ፣ በዳገቱ ወገን ተነጠፈ፤ እኔ በላዩ ላይ በሆዴ ተኝቼ አንገቴን አሰገግሁ። ጨለማ ነው። ከታች የሚታየኝ የቀሚሷ ነጣ ያለ ነገር ብቻ ነው። እያለቀሰች ግድግዳውን ትቧጥጣለች።

«ጥሩወርቅ! እንዳትነቃነቂ!» አልኳት።

ባሰባት።

«ወደ ግድግዳው ተጠጊ! ተቀመጪ! አታልቅሺ!»

እነዚህ ግልጽ መልእክቶች ናቸው። እኔ የማውቀው ተቀባይ ሁሉ እነዚህን ተረድቶ ይፈጽም ነበር። ጥሩዬ ግን አንዱንም አልፈጸመችም። አፈሩ በየቧጠጠችበት ይፈረፈራል።

«እማማ ጫልቱ ትምጣ!» አለች።

«የለችም፤ መካኒሳ ናት።»

«እማዬ ትምጣ!»

«እሷም መካኒሳ ናት።»

ትንሽ አሰበች መሰል፣ ልቅሶዋ ዝግ አለ። «እንግዲያው አንተ ተረት ንገረኝ» አለች።

ዞር ብዬ ሰዎቹን አየሁ። ሁሉም ያዩኛል።

«ተረት ተረት» አልሁ። ይህችን እንኳ ሰምቻታለሁ።

«የላም በረት» አለች ከታች። በዚያች ቅጽበት ለመጀመሪያ ጊዜ መቧጠጧን ተወች።

«አንድ ሰው ነበረ። ጠዋት ሥራ ሄደ። ማታ ተመለሰ።»

ዝም ብላ ጠበቀች። እኔም ዝም ብዬ ጠበቅሁ።

«ከዚያስ?»

«አለቀ።»

«ይሄ ተረት አይደለም!» አለችና ልቅሶው እንደገና ተጀመረ። «ጅቡ የታለ?»

«ጅብ የለ...» ብዬ ልቅሶው ሲብስ ቃሌን ዋጥሁት። «አለ። ጅብ አለ።»

«የት ነው ያለው?»

«ቢሮ።»

«ቢሮ ምን ያደርጋል?»

ከታች ዶማው ይሰማኛል። የማውቀውን ተናገርሁ። «ቴሌግራም ሊልክ መጣ። እርቦታል። ለአያ አንበሳ 'ተርቤአለሁ ስትበላ ጥራኝ' ብሎ ላከ።»

«አያ አንበሳስ ምን አለ?»

«'በልቼ ጨርሻለሁ' ብሎ መለሰ።»

ከጉድጓዱ ውስጥ አንድ ድምፅ መጣ። ሳቅ ይሁን ሳል አልለየሁትም። ከታች ግን ዶማው ቆመ።

«ጅብ መጻፍ ይችላል እንዴ?» አለ ደበሌ።

«አስጽፎ ነው!» ብዬ ጮኽሁ። «አንተ ቆፍር!»

ከዚህ በኋላ ተረቱን እንዴት እንደቀጠልሁ ስጠየቅ ማስረዳት አልችልም። ግማሹን ያወጣችው እሷ ናት። ጅቡ ተናድዶ ወደ ቤቱ እንደሄደ ተናገርሁ። ቤቱስ የት ነው አለች። ጉድጓድ ላይ ነው አልሁ። ጉድጓዱ ውስጥስ ማን አለ አለች። ጦጢት አለች አልሁ፤ ስትጫወት ወድቃ። ከሰዎቹ መሃል አንዲት ሴት «ኧረ ምን ያለው አባት ነው! በዚያ ጨለማ ላይ ጅብ ይጨምርባታል?» ስትል ሰማኋት። እውነቷን ነው፤ እኔም ፈርቼ ነበር። ጥሩዬ ግን አልፈራችም። ያን ጊዜ ያልገባኝ፣ በኋላ ያሰብሁት ነገር አለ። መጀመሪያ የያዛት ፍርሃት መልክ አልነበረውም፤ ጨለማ ነው፣ ሁሉም ቦታ ነው። አሁን ግን ፍርሃቱ ጅብ ሆኗል። ጅቡም ከላይ ነው ያለው፣ እሷ ጋ አይደለም፤ የሚያሳዝን፣ ቴሌግራሙ ያልተሳካለት ጅብ ነው።

«ጦጢት ምን አደረገች?» አለች።

«ጦጢት ብልህ ናት» አልሁ። «ጅብ የሚሰማው ልቅሶና ግድግዳ ሲቧጠጥ ብቻ ነው። ስለዚህ ድምፅ አላሰማችም። ጀርባዋን ግድግዳው ላይ ለጠፈች።»

«በየት በኩል ያለው ላይ?»

«የእኔ ድምፅ በሚመጣበት በኩል ባለው።»

የቀሚሷ ንጣት ቀስ ብሎ ተንቀሳቀሰና ከዓይኔ ተሰወረ። ወደ ግድግዳው ተጠግታለች። ትእዛዜን አልሰማችም፤ ጦጢትን ሰማች።

«ተቀመጠች ወይስ ቆመች?»

«ተቀመጠች። ጉልበቷን አቀፈች። ጅቡ ከላይ ሆኖ ገላውን ሲያክክ አፈር ወደ ታች ይወርዳል። አፈር ሲወርድ ጦጢት ቀሚሷን ራሷ ላይ ትሸፍናለች፤ አፍንጫዋንም ጉልበቷ ውስጥ ትቀብራለች።»

«ጦጣ ቀሚስ አላት?»

«ይህቺኛዋ አላት።»

ጥቂት አፈር ተፈረፈረ። «አከከው!» አለች ከታች፣ ድምፅዋ በጨርቅ ታፍኖ። ሸፍናለች ማለት ነው። ግንባሬን በሩ ላይ አሳረፍሁ።

ፀሐይ እየዞረች ሄደች። ጅቡ ተኛ፣ ነቃ፣ ሚስቱ ተቆጣችው፣ አያ አንበሳ ዘንድ ሌላ ቴሌግራም ላከ፣ መልስ አልመጣም። ድምፄ ሻከረ። ዝም ስል «ከዚያስ?» ትለኛለች፤ ዝም ስትል እኔ «ጦጢት ምን የምታደርግ ይመስልሻል?» እላታለሁ። ለምን እንደዚያ እንደጠየቅሁ አላውቅም፤ ድምፅዋን መስማት ስለፈለግሁ ነው። እሷም ትመልሳለች። ጦጢት ለጠጠሮች ስም እያወጣች ነው አለችኝ። ስማቸውን ሁሉ ነገረችኝ። አንደኛው ጠጠር ስሙ ይርጋ ነበር።

ከዚያ የፈራነው ሆነ። ከበታቼ የሆነ ነገር ሲያቃስት ተሰማኝ፤ ወዲያው የጉድጓዱ አፍ ግማሽ ጎኑ ተሰንጥቆ ቁልቁል ሄደ። በሩ ከእኔ ጋር ዘመመ፤ ሰዎች በእግሬ ይዘው ጎተቱኝ። ጉድጓዱ አቧራ ተፋ። ዶማው ቆመ። የተሰበሰበው ሰው ጮኸ፣ ከዚያ እሱም ዝም አለ።

«ጥሩዬ!» አልሁ።

መልስ የለም።

«ጥሩዬ!»

ኦቦ ቶላ ከታች ሆነው ኮፍያቸውን አወለቁ። ያንን ባላይ ደስ ባለኝ። በሥራዬ ብዙ ዝምታ ሰምቻለሁ፤ ከወዲያ ያለው ጣቢያ ሲጠፋ የሚመጣውን ዝምታ አውቀዋለሁ። ይሄኛው ከዚያ የከፋ ነበር።

ሳል ተሰማ። ከዚያ ቀጭን ድምፅ መጣች።

«አባባ፣ ጅቡ አስነጠሰው?»

ልመልስላት በሆዴ እየተሳብሁ ወደ አፉ ተመለስሁ።

«አዎ» አልኋት። «ጉንፋን ይዞታል።»

«ይማርህ በለው።»

«ይማርህ» አልሁ፤ አብሮኝ ያለው ሰው ሁሉ «ይማርህ» አለ።

ቁፋሮው በእጥፍ ተፋጠነ። ጥቂት ቆይቶ የደበሌ ዶማ ባዶ መታ። እጁን በቀዳዳው አስገባ። ወዲያውም «ወይኔ!» ብሎ መለሰው፤ በድንጋይ መትታዋለች።

«እኔ ነኝ፣ ደበሌ ነኝ፣ ጥሩዬ!» አለ ጣቱን እያሸ።

«ጅብም እንደዚህ ነው የሚለው» አለች።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ፤ የቀረው አፈር መቼ እንደሚወርድ አይታወቅም፣ ልጅቱ ደግሞ የሰው እጅ አልይዝም ብላለች። ሊከራከሯት ሞከሩ። አልሆነም። እማማ ጫልቱ ድምፁን እየቀየረ ስለሚመጣ ጅብ በደንብ አድርገው አስተምረዋታል። እኔ ከላይ «ጠይቂው! ጅብ የማይመልሰውን ጠይቂው!» አልኋት።

አሰበች። ጊዜ ወስዳ አሰበች።

«ተረት ተረት» አለች።

ደበሌ አባቱን አየ። አባቱ በክርናቸው ነካ አደረጉት።

«የላም በረት» አለ ደበሌ፣ ያ ትከሻው የበሬ የሚያህል ሰውዬ፣ እንደ ተማሪ ቆሞ።

ያን ጊዜ ደህናዋን እጇን ዘረጋች። በቀዳዳው ተስባ፣ አፈር የተነሰነሰባት አይጥ መስላ ወጣች። ብዙም ሳይቆይ የቀረው የጉድጓዱ ጣሪያ ገባ። ዳገቱን እንዴት እንደወረድሁ አላስታውስም፤ አቅፌያት ነበር። ጆሮዬ ውስጥ የጠየቀችኝ ነገር ግን ትዝ ይለኛል።

«ጅቡ መጨረሻው ምን ሆነ?»

«ገና አላለቀም» አልኋት። እውነቴን ነበር።

እናቷ ስትደርስ ፀሐይ ዘቅዝቃ ነበር። ተዋበች ልጅቱን ከእቅፌ ተቀብላ አፈሩን ከፀጉሯ ታራግፍ ጀመር። ወጌሻ ተጠርቶ እጇን በቀርከሃ ሲያስር ጅቡ ሐኪም ቤት ገባ፤ ሌላ ምርጫ አልነበረኝም።

ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ልጄ በተረት ተረፈች ብዬ እዘጋው ነበር። ግን ከዚያ በኋላ የሆነውም አለ። ከሳምንት በኋላ ጥሩዬ እጇ እንደታሰረ ከቤቱ ጀርባ ትንሽ ጉድጓድ ቆፍራ አገኘኋት። የበቆሎ ቆረቆንዳ በጨርቅ ጠቅልላ ልጅ አድርጋ ከታችው፤ በላዩ አፈር ትበትናለች፤ «አከከው!» ትላለች፤ ታወጣዋለች፤ መልሳ ትከተዋለች። ጉድጓዱን ልደፍን እግሬን ሳነሣ ተዋበች ከበር ላይ ያዘችኝ።

«ተዋት።»

«ያንን ቀን እያስታወሰች እኮ ነው።»

«አንተስ? አንተ ሌሊት በሕልምህ ትጮኻለህ፤ እሷ ቀን ትጫወተዋለች። የቱ ይሻላል?»

እውነት ነው፤ ልጅቱ ሌሊቱን ሙሉ ትተኛለች። እየተነሣ በላብ የሚጠመቀው አባቷ ነበር። በሕልሜ ሁልጊዜ እጠራታለሁ፣ አትመልስም።

አንድ እሑድ ጥሩዬ መጥታ ክራባቴን ጎተተችና «ዛሬ ጉድጓድ የምትገባው አንተ ነህ» አለችኝ። ከምግብ ጠረጴዛው ሥር አስገባችኝ። ብርድ ልብስ ጣለችበት። ጨለመ። ጉልበትህን እቀፍ አለችኝ፤ አቀፍሁ። ከላይ ተቀምጣ ተረት ጀመረችልኝ። ስለ ምን እንደነበር አልነግራችሁም፤ የእኔ ነው። መሃል ላይ በሩ ተንኳኳና ኦቦ ቶላ ገቡ። ለምን እንደመጡ አላውቅም። ሱፍ የለበስሁ የመንግሥት ሠራተኛ ከጠረጴዛ ሥር ተቀምጬ ከብርድ ልብሱ ጫፍ እግሬ ሲታይ አዩ።

«ምን ሆነው ነው?» ብለው ጥሩዬን ጠየቋት።

«ወድቆ ነው።»

ኦቦ ቶላ አልሳቁም። ኮታቸውን አውልቀው ወንበር ላይ ሰቀሉ። «በየት በኩል ልቆፍር?» አሉ።

ከየት እንደመጣ የማላውቀው ልቅሶ እዚያ ብርድ ልብስ ሥር ያዘኝ። ማንም አልቸኮለብኝም። እሷ ተረቷን ቀጠለች፣ እሳቸው ቆፈሩ። ስወጣ ቀለል ብሎኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያ ሕልም እየራቀ ሄደ፤ ውሎ አድሮም ተወኝ።

ከጥሩዬ በኋላ ሌሎች ልጆች ወለድን። ለሁሉም ተርቻለሁ። አብዛኛው መጥፎ ተረት ነበር፤ ያልተኛ ልጅ ግን የለም። ሥራ ቦታም ዋል አደር ሲል ረጅም ወሬ የማወራ ሰው ሆንሁ፤ ይህን ባልደረቦቼ እንደ ጥቅም አልቆጠሩትም።

እናንተ ልጅ የምታሳድጉ ሰዎች፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ልጄ ከዚያ የወጣችው በዶማ ነው፤ የነኦቦ ቶላን ላብ የምክድ አይደለሁም። ዶማው እስኪደርስ ያቆያት ግን እኔ ሥራ መፍታት ነው ያልሁት ነገር ነበር። ያ ሁሉ ጠጠር መዳርና ማስታረቅ፣ ያ ሁሉ የእማማ ጫልቱ ጦጣና ጅብ፣ ለካ ልጅቱ ዓለምን የምትለማመድበት ነበር። ስለዚህ ልጃችሁ ከባዶ ቆርቆሮ ጋር ሲከራከር ብታገኙት አታቋርጡት፤ የያዘው ጉዳይ ይኖረዋል። ከመካከላችሁ ደግሞ «እኔ ተረት አላውቅም» የሚል አባት ካለ፣ እኔም አላውቅም ነበር። ቁጭ ብሎ አፉን ይክፈት። የቀረውን ልጁ ያግዘዋል።